ያልተመከረበት በጀት ይታገድ ወይስ ይለፍ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚመድበውን ገንዘብ ከማጽደቁ በፊት ከራሳቸው ከአካል ጉዳተኞች ጋር ካልመከረ፣ በጀቱ እንዳይጸድቅ የሚያግድ ሕግ ይውጣ? ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ይዞ ይግባ።

ዊልቸር ተጠቃሚ፦ ይውጣ። በተጠራሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ገንዘቡ አስቀድሞ ተደልድሎ ያለቀ ነበር። እኛ የምንጠራው ለማጨብጨብ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አንድ ጊዜ በአዲስ ሕንፃ ላይ አስተያየት እንድንሰጥ ተጋብዘን ስንሄድ የመግቢያው መወጣጫ ተሠርቶ፣ ሲሚንቶው ደርቆ ጠበቀን። በብዙ አገሮች የተለመደው መለኪያ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ በረንዳ ከ7 ሜትር በላይ መወጣጫ ይፈልጋል። ያ ግን 2 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሲገፉኝ የፊት ጎማዎቼ ከመሬት ተነሡ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እዚያ ውስጥ የወደቀ ሰው በገዛ ገላው በሩን ስለሚዘጋው የሚያነሣው ረዳት መግባት አይችልም። ንድፉን በወረቀት ሳለ ቢያሳዩን ኖሮ ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር። አሁን ገንዘቡ ወጥቷል፣ በሪፖርቱ «ተደራሽ» ተብሏል፣ እኔ ግን ሕንፃው ውስጥ ገብቼ ጉዳይ መፈጸም አልችልም።

የበጀት ባለሙያ፦ የደረሰብዎት ያሳዝናል፤ ሆኖም መድኃኒቱ በጀት ማገድ አይደለም። በጀት የጊዜ ሰሌዳ አለው። ሁለት ማኅበራት ሳይስማሙ ቀርተው ምክክሩ ቢጓተት፣ በዚያ ወር ድጎማውን የሚያጣው ማን ነው? ሚኒስትሩ አይደለም፤ ድጎማውን ጠብቆ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሰው ነው። ደግሞም ተጠቃሚው የሚጠይቀውን ሁሉ መስጠት አይቻልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ፍላጎቱ በጀት የሚሰጥ ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን በሕግ አቋቋመች። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ወጪው እየናረ ሄዶ በ2024 ሕጉን ለማሻሻል ተገድዳለች።

የማኅበር አመራር፦ ከናረው ወጪ ውስጥ ምን ያህሉ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች ዋጋ በመቆለላቸው እንደመጣ መጠየቅም ደግ ነበር። ለማንኛውም ምክክር የመንግሥት ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3፣ አገሮች ከአካል ጉዳተኞች ጋር፣ ሕፃናቱንም ጨምሮ፣ በወካይ ድርጅቶቻቸው በኩል በቅርበት እንዲመክሩ ያስገድዳል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው 7ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ፣ በአካል ጉዳተኞች የሚመሩ ማኅበራትን ለአካል ጉዳተኞች ከሚሠሩ ድርጅቶች ለይቶ፣ ቅድሚያውን ለመጀመሪያዎቹ ሰጥቷል። በተግባር የሚጠሩት ግን ሁለተኞቹ ናቸው። መኪና አላቸው፣ የተዘጋጀ ጽሑፍ አላቸው፣ አያስቸግሩም።

መስማት የተሳነው መምህር፦ የምክክሩ ወጪ ራሱ በበጀት አይያዝም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች በየ20 እና 30 ደቂቃው መቀያየር ሲገባቸው፣ ለሙሉ ቀን ስብሰባ የሚቀጠረው አንድ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ እጁ ይዝላል፣ ንግግሩ እየተቆራረጠ ይደርሰናል። ዋናው የገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። በቃለ ጉባኤው «ተቃውሞ አልቀረበም» ተብሎ ይሰፍራል።

ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ፦ ረቂቁ የሚላክልን በዋዜማው ማታ፣ ያውም ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን የስክሪን ማንበቢያ ፕሮግራም ደግሞ በፎቶ ያለን ጽሑፍ በአግባቡ አያነብም።

እናት፦ እናንተ ቢያንስ ትጠራላችሁ። ልጄ 24 ዓመቱ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። በየትኛውም ስብሰባ እንደ እርሱ ያለ ሰው አላየሁም። እርሱን ወክዬ የምናገረው እኔ ነኝ። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ እኔ ስሞት የሚቀበለው፣ ሠራተኛ የማይጠፋበት የመኖሪያ ማዕከል መንግሥት ይሥራ።

ኦቲዝም ያለበት ወጣት፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ የእኔም እናት እንደ እርስዎ ነው የምትለው። ነገር ግን ማዕከል መግባት እፈልግ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ የምፈልገው የራሴ ክፍል እና በቀን ጥቂት ሰዓት የሚያግዘኝ ረዳት ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የግል ረዳትን በሕግ መብት አድርጋለች፤ ረዳቱን የሚመርጠው ተጠቃሚው ነው። ልጅዎ በሥዕል እና በአጭር ዐረፍተ ነገር ቢጠየቅ ምን ይል ይሆን?

እናት፦ ይመልስ ይሆናል። ረዳቱ አንድ ቀን ቢቀርስ? ያኔ አንተ ትመጣለህ?

የማኅበር አመራር፦ ይህ የእናትየው ጥያቄ በማንኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይገኝም። ተተኪ ረዳት ራሱን የቻለ የወጪ ርዕስ ሊሆን ይገባል።

የበጀት ባለሙያ፦ እንግዲያው የሚያስማማን መንገድ ልጠቁም። ነባር ድጎማ በምንም ምክንያት አይታገድ። አዲስ ፕሮግራም እና አዲስ ግንባታ ግን የምክክር ሰነድ ካልተያያዘበት ገንዘቡ አይለቀቅ።

ዊልቸር ተጠቃሚ፦ ነባሩ እንዳይነካ እስማማለሁ። በሰነዱ ላይ ምን ይጻፍበታል ነው ጥያቄው። ባለፈው ለምክክር ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የአበል መክፈያ ዝርዝር ነበር፤ የፈረምነው ለትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ሰነዱ እኛ ያልነውን፣ መንግሥት የተቀበለውን፣ ያልተቀበለውንም ከነምክንያቱ ይያዝ፤ ረቂቁም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይድረሰን።

የበጀት ባለሙያ፦ አንድ ወር ይበዛል። ሁለት ሳምንት።

ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ፦ በብሬል ለማሳተም ብቻ ሁለት ሳምንት አይበቃም።