ባህር ዳር ላይ የብር አምባር በእጃችሁ ለመስራት፦ ብሩን ከየት፣ መሣሪያውን ከየት?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እንጥልጥል ያለው የብር አምባር ራሴ መስራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል። እኔ ወርቅ ሰሪ አይደለሁም። ከሥራ መልስ ጓሮ ቁጭ ብዬ የምቀጠቅጥ ሰው ነኝ። ጎረቤት ለምዶኛል፣ ድመቷ ግን አሁንም መዶሻ ሳነሳ ትጠፋለች። እስካሁን ገዝቼም፣ ተሸውጄም ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ከብሩ እንጀምር። ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው፣ የሚሸወዱትም እዚህ ነው። ሦስት መንገድ አለ፦ ከብር ሰሪ በግራም መግዛት፣ ከገበያ ያረጀ ጌጥ ለቅሞ ማቅለጥ፣ ወይም ጠገራ ብር።

የገበያው ርካሽ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ወፋፍራም አምባር «ንጹህ ብር ነው» ተብዬ ገዛሁ። ቤት ወስጄ አንዱን ሳሞቀው ከሰል መሰለ። ላቀልጠው ስሞክር ነጭ ጭስ አወጣ። ሌላውን በመዶሻ ስነካው ተሰነጠቀ። በኋላ ለአንድ ሽማግሌ ብር ሰሪ ሳሳያቸው ሳቁ። «የጀርመን ብር» የሚሉት ነው፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል። ስሙ ብር ይሁን እንጂ ውስጡ ጠብታ ብር የለም። ኒኬሉ ደግሞ ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ያሳክካል።

ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም። አንድ መቶኛ ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን ይኑራችሁ። መጀመሪያ አምባሩን በደረቁ መዝኑ፤ 21 ግራም ነው እንበል። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። አምባሩን በክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ አስጥሙት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ወደ 2 ግራም ካሳየ ብር ነው ማለት ይቻላል። ወደ 2.4 ከተጠጋ መልሱለት። የብር ክብደት ከውሃ አሥር እጥፍ ትንሽ ያልፋል፣ የጀርመን ብሩ ስምንት ተኩል ገደማ ነው። ሻጩ ፊት ላይ ብርጭቆ ማውጣት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እኔ ቡና ቤት ይዤው እገባለሁ። ማግኔት ግን አትመኑ፤ ብሩንም መዳቡንም አይስብም።

ጠገራ ሌላ ታሪክ ነው። ማርያ ትሬዛ የምትባለው ጠገራ 28 ግራም ገደማ ናት፤ 83.3 በመቶው ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። ላይዋ ላይ ሁሌም 1780 ስለሚታተም ዕድሜዋን በዓመተ ምሕረቱ ማወቅ አይቻልም። ለሥራ ጥሩ ናት፣ ጠንከር ትላለች። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ሽቦ 14 ግራም ተኩል ያህል ስለሚወስድ ከአንዷ አምባሩም እንጥልጥሉም ይወጣል። ግን የአያታችሁን ጠገራ አታቅልጡ፤ የምኒልክ ብርማ በፍጹም። እኔ አንዴ ሳስበው እናቴ ያየችኝን አስተያየት አልረሳም።

ስለዚህ ምርጫዬ የመጀመሪያው ነው፤ ብር ሰሪ ዘንድ ሄዶ በግራም መግዛትና ሽቦውን እዚያው ማስጎተት። እዚህም ሁለት ዓይነት ቤት አለ። መስታወትና መብራት ያለው ወርቅ ቤት ፈጣን ነው፣ ግን ሥራው ከጀርባ ነው፣ አታዩትም። አንድ ጊዜ 30 ግራም ሰጥቼ 26 ግራም ሽቦ ተቀበልኩ። ምነው ስል «ጨሰ» አሉኝ። ብር ሲቀልጥ ትንሽ ሊጎድል ይችላል፣ 4 ግራም ግን አይጨስም። ሌላው ከሰልና ወናፍ ይዘው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ናቸው። ዘገም ይላሉ፣ ቀጠሮም ያዛባሉ። ግን አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ይጎተታል። ስትገቡም ስትወጡም መዝኑ፤ አይከፋቸውም።

ከእነዚያ ሽማግሌ የተማርኩት ከቪዲዮ ሁሉ ይበልጣል። ሽቦው አልታጠፍ ብሎኝ ስታገል አዩና «ልጄ፣ ብሩ ደክሞታል፣ አሳርፈው» አሉኝ። ብር ሲቀጠቀጥ ይደርቃል። ጨለማ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አሙቁት፣ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ እንደገና ይለሰልሳል።

መሣሪያ ላይ አትበዱ። ለአምባር ማክበቢያ እኔ የጀመርኩት ከብረታ ብረት መሸጫ ባስቆረጥኩት ባለ 2 ኢንች የውሃ ቧንቧ ነው። ውጪው 60 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለብዙ ሴት እጅ ይሆናል፤ ለተከፈተ አምባርማ ልክ ነው። ቧንቧው ዚንክ የተቀባ ስለሆነ እሳት አታሳዩት፣ ማጠፊያ ብቻ ነው። በኋላ ቶርኖ ቤት ሾጣጣ ብረት አስቀርጬ ነበር። ያምራል፤ ለጀማሪ ግን ቅንጦት ነው። ለማለስለሻ የሚሆን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የመኪና ቀለም ከሚሸጡት ዘንድ አለ፤ ቁጥር 400፣ 800፣ 1200 በሉ። ለማቅለጥና ለብየዳ የሚረዳውን ነጭ ዱቄት፣ ቦራክስን፣ ከብር ሰሪው ለምኑ። ከእሳት በኋላ የሚጠቁረውን የሞቀ የሎሚ ጭማቂ ያነሳዋል። ስታወጡት ግን በብረት ጉጠት አትንኩት፣ ብሩ መዳብ ለብሶ ይቀላል። የሸምበቆ ስንጥር ይበቃል።

እንጥልጥሉን ከባህል ዕቃ ቤት ወይም ዘጌ ከጀልባ ስትወርዱ መንገድ ዳር መግዛት ይቻላል። እኔ እዚያ ስገዛ ለቅርጹ እንጂ ለብሩ ብዬ አይደለም። ራሳችሁ ብትሠሩ ይሻላል። የዘጌን ቡና ፍሬ ሞክሩ፦ አንድ ግራም ተኩል ብር ከሰል ላይ አቅልጡ፣ ራሱ ተጠቅልሎ ድብልብል ይሆናል። ሲበርድ በመዶሻ አንዴ ጠፍጠፍ፣ ከዚያ በመሮ መሐሉ ላይ አንድ መስመር። በቃ፣ ቡና ሆነ። የደንገል ታንኳ ቅርጽ ግን ጫፏ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቀልጣብኛለች። ሻኩራ ደግሞ ያምራል፣ ቢሮ ውስጥ ግን ሰው ያሳብዳል።

የማንጠልጠያዎቹን ቀለበቶች ግን አስበይዱ። በፒንሳ ብቻ የተገጠመ ቀለበት የነጠላ ጥለት ይይዛል። የእህቴን ነጠላ እንደዚያ ነው የቀደድኩት። ብየዳ እስክትለምዱ ለብር ሰሪው ብትሰጡ የእጅ ዋጋው ያን ያህል አይጎዳም።

ብቻ በጥር አትሂዱ። የሰርግ ወር ነው፣ ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሂዱ፤ ያኔ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ እያወሩም ያስተምሯችኋል።