አልፋ ሮሜዮዬ ቀስ ብዬ ነዳጅ ስሰጣት ትታነቃለች

የድሮ የጣሊያን መኪና የምታውቁ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። የምኖረው ሚላኖ ነው። መኪናዋ የ1969 አልፋ ሮሜዮ 1750 ስፓይደር ናት፤ ሞተሯ 1779 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ዌበር 40 ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ስትነሳ ሸጋ ናት፤ ድምጿማ ልብ ይሰርቃል። ግን 3000 ዙር አካባቢ ቀስ ብዬ ነዳጅ ስሰጣት ትታነቅና በካርቡራቶሩ በኩል ትተፋለች። በደንብ ስረግጣት ደግሞ ትፈተለካለች፤ ያኔ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፓምፕ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚረጭላት ይመስለኛል። ፑንቲናው (የካንዴላ እሳት የሚያስነሳው መቆራረጫ) አዲስ ነው። ካንዴላዎቹ ነጭ ሆነው ይወጣሉ፣ ማለትም ነዳጅ አንሷታል። ካርቡራቶሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። አየር የሚያስገባው እሱ ይሆን? ወይስ የሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ወይም በትንሹ ሲረገጥ የሚሠራው) ነዳጅ ማሳለፊያ ጠቧት ነው? አንድ መካኒክ ካርቡራቶሩን አውጥተህ «ኢንጄክሽን (ነዳጅ በግፊት የሚረጭ ሲስተም) ግጠምላት» አለኝ። ኧረ በፍጹም! የፋብሪካ ጉልበቷን ነው የምፈልገው። መጀመሪያ የቱን ልቀይር?