አሮጌው ብሎክ ይፍረስ? ወይስ መጀመሪያ ይጠና?

የክርክሩ መነሻ፦ በየካ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ያለው የኮሌጃችን ግቢ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። የጥርብ ድንጋዩ አሮጌ ብሎክ ፈርሶ ፎቅ ይቆማል ተብሏል። ከዚያ በፊት የቅርስ ጥናት ያስፈልጋል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ኢንጂነሩ፦ በግልጽ ልናገር። ተማሪው መቀመጫ አጥቶ መስኮት ላይ ነው የሚማረው። ብሎኩ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፤ ወለሉን ምስጥ በልቶታል። ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ደግሞ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ነው። እዚህ ምን አርኪዮሎጂ ይፈለጋል?

የታሪክ መምህርቷ፦ ማፍሰሱ እውነት ነው። ባልዲ ደቅኜ አስተምሬበታለሁ። ግን ከ1879 በፊት ሰው አልነበረም እንዴ? ቀና በልና ተራራውን እይ። ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለው አዲስ አበባ ሳትታሰብ ነው። ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወርድ መልካ ቁንጡሬ የሚባል የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበት ቦታ አለ። እዚያ የድንጋይ መሣሪያዎቹን መጀመሪያ ለዓይን ያጋለጣቸው አዋሽ ነው፣ ዳርቻውን እየሸረሸረ። ሐምሌ 2016 እዚያው አካባቢ ካለው ባልጪት ጋር ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። እኛ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ አላልኩም። ሳናይ የለም አንበል ነው።

የድሮ ተማሪ፦ ቲቸር፣ ምሳሌው ትንሽ ራቀ። መልካ ቁንጡሬ ወንዝ ዳር ነው። እኛ ያለን የእግር ኳስ ሜዳ ነው፤ እሱም በዶዘር ተደልድሏል። ከዚያ የተረፈ ምን ይገኛል ብለው ነው?

የታሪክ መምህርቷ፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ለዚህ ነው ግቢው በሙሉ ይቆፈር የማልለው። ዶዘር የነካው ከጥናቱ ይውጣ። የድሮ ፕላንና የአየር ፎቶ ይታይ፣ ግቢው በእግር ይቃኝ። ያልተነካ ቦታ ከተገኘ ጥቂት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። ምንም ከሌለ የለም ተብሎ ይጻፍና ሥራው ይቀጥል።

ኢንጂነሩ፦ ማን ይከፍላል? እዚህ አገር ጥናት ማለት ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ተኛ ማለት ነው።

ፎርማኑ፦ እኔ ልግባበት። ከዓመታት በፊት አንድ ሳይት ላይ ፋውንዴሽን ስንቆፍር የሸክላ ስብርባሪና አጥንት ወጣ። አለቃዬ "ዝም ብለህ ሙላው" አለኝ። ሞላሁት። እስካሁን ይቆጨኛል። የቅርስ አዋጁ፣ 209/1992፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ያሳውቅ ይላል። ግን ማሽን ተከራይተህ፣ ብረት አራግፈህ፣ የቀን ሠራተኛ ሰብስበህ ማን ያሳውቃል? ማሽኑ ቆሞም ኪራዩ ይቆጥራል። ጥናቱ ከጨረታ በፊት ቢሆን ፋውንዴሽኑን አምስት ሜትር ማስጠጋት የእርሳስና የላጲስ ሥራ ነበር።

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ ይሄኛው ገባኝ። መቆም ካልቀረ ከውል በፊት መቆም ይሻላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁም፣ 299/1995፣ ቅርስን ይጨምራል። እኛ ግን ሪፖርቱ ላይ "ቅርስ፦ የለም" የምትለዋን መስመር ኮፒ ፔስት እናደርጋለን። ምን ልዋሽ። ብሎኩ ላይ ግን አልለቅም። የጣሊያን ግንብ ነው፤ ለምን እንሳሳለታለን?

የታሪክ መምህርቷ፦ እዚህ አገር ጥርብ ድንጋይ ሁሉ "የጣሊያን" ነው! ጣሊያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው። ከዚያ በፊት በምኒልክ ጊዜ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች ነበሩ። ያገራችን ጠራቢም ከዚያ በፊትም በኋላም እጁን አላጠፈም። ግድግዳው በጭቃ ይሁን በኖራ የተያያዘው እንኳ የሚያውቅ አለ? ጥናቱ "ይፍረስ" ሊልም ይችላል። እሱንም እቀበላለሁ። ግን ሳይለካና ፎቶ ሳይነሳ አይፍረስ።

የሰፈሩ ነዋሪ፦ ድንጋይ ካነሳችሁ አይቀር፣ አምና ከአጥሩ የፈረሰው የት ገባ? እኔ አንድ ሁለት ጎረቤት ደጅ ላይ ደረጃ ሆኖ አይቼዋለሁ። ስም አልጠራም። ሌላው፣ ግቢው ኮሌጅ ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበር የሚያውቁ አዛውንት አሉ። ሜዳው ጥግ ላይ የድሮ የውሃ ጉድጓድ ነበር ይላሉ። እስካሁን የጠየቃቸው የለም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ናቸው።

ኢንጂነሩ፦ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ቡናው ግን በእናንተ።