ከድሮ የጥምቀት ቲሸርቶች ብርድ ልብስ ልሠራ ነው፤ ጨርቁ እየተለጠጠ አስቸገረኝ

ጥያቄ (ከጎንደር፣ ማራኪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በመጪው ጥር ያገባል። ከድሮ ቲሸርቶቹ ብርድ ልብስ ሰፍቼ ልሰጠው አስቤያለሁ። አሜሪካኖች የትምህርት ቤትና የስፖርት ቲሸርቶቻቸውን እንዲህ እየቀጣጠሉ ያስቀምጣሉ፤ ሐሳቡን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ያሉኝ 14 ናቸው። አብዛኞቹን የሰፈራችን ወጣቶች በየዓመቱ ለጥምቀት ያሠሯቸው ናቸው፤ የፋሲል ግንብና ዓመተ ምሕረቱ ታትሞባቸዋል። አንዱ ላይ የ12ኛ ክፍል ጓደኞቹ በእስክሪብቶ ፈርመውበታል። አንዱ ደግሞ ፋሲል ከነማ በ2013 የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን የገዛው ማሊያ ነው።

መኪናችን የእናቴ የእግር ሲንጀር ነው። በአሮጌ ካናቴራ ስሞክር ጨርቁ ይለጠጣል፣ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ መኪናውም እየዘለለ ይሰፋል። ምን ላድርግ? ሜትር ከሃያ አልጋ ለመሸፈንስ 14 ይበቃል? መሃሉስ ምን ይግባበት?

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ ከአራዳ)

እህቴ፣ ችግሩ መኪናው አይደለም። የቲሸርት ጨርቅ ተለጣጭ ነው፤ ከመስፋትሽ በፊት እንዳይለጠጥ ማድረግ አለብሽ። ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገባውን፣ በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ጨርቅ ግዢ። ወፍራሙን አትውሰጂ፤ ብርድ ልብሱ ካርቶን ይሆንብሻል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቲሸርቱን በጎንና በጎኑ፣ በትከሻውም ቅደጂው፤ ፊቱና ጀርባው ይለያያል። ከጽሑፉ ዙሪያ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ። ገልብጠሽ አንጥፊና የሚለጠፈውን ጨርቅ ሙጫ ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርገሽ ደርቢበት። ካውያውን አትጎትቺው፤ እያነሳሽ ተጫኚ። አንዱ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዢው። እስኪቀዘቅዝ አትንኪው። በልክ የምትቆርጪው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድመሽ በልክ ከቆረጥሽ በካውያው ይዛባል።

ልኩን 38 በ38 ሳ.ሜ. አድርጊ። በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ለስፌት ሲሄድ 36 ይቀራል። በወርድ 4፣ በቁመት 5 ስትደረድሪ 144 በ180 ይሆንልሻል፤ ሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ትራሱ ሲቀር ይሸፍናል። 20 ቁራጭ ያስፈልግሻል ማለት ነው። 14ቱን ከፊት አውጪ፣ 6ቱን ከጀርባ። የሚለጠፈው ጨርቅ ስፋቱ 90 ሳ.ሜ. ከሆነ 4 ሜትር ይበቃሻል።

መኪናው የሚዘለው በመርፌው ነው። ጫፉ ሹል የሆነ መርፌ ተለጣጭ ጨርቅ ላይ ይቸገራል። ጫፉ ዶልዶም ያለ፣ ለተለጣጭ ጨርቅ የሚባል መርፌ አለ፤ 90/14 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈልጊ። ቅዳሜ ገበያ ክርና ቁልፍ የሚሸጡትን ጠይቂ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ስፌቱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አርዝሚው።

መልስ (ከአዘዞ)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ግን የሚለጠፈው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከከበደሽ ሌላ መንገድ አለ። አቡጀዲ ግዢ። መጀመሪያ አጥበሽ አድርቂው፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ተኮማትሮ ሥራሽን ያበላሸዋል። በልኩ ቁረጪና የቲሸርቱን ቁራጭ በላዩ አንጥፈሽ ዙሪያውን በእጅ ራቅ ራቅ አድርገሽ ስፊው። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ቆጥረሽ በመኪና አያይዢ። አቡጀዲ ስለማይለጠጥ ቲሸርቱን ይይዘዋል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሥራው ጠንካራ ነው፤ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ለመሃሉ ጥጥ አትግዢ። የተባዘተ ጥጥ በየ10 ሳ.ሜ. ካልተሰፋ ሲታጠብ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ያረጀ ጋቢ የለሽም? ጋቢ ሽመና ስለሆነ አይሸሽም፣ ደጋግሞ ስለታጠበም ከዚህ በኋላ አይኮማተርም። ብቻ አራት ድርብ እንዳለ ከገባ ለእግር መኪና ይከብዳል። ተርትረሽ ሁለት ድርቡን ተጠቀሚ። ለታኅሣሥ ብርድ እሱ ይበቃል።

ጥያቄው ባለቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እናቴ ጋቢ ሰጥታኛለች። አሁን የከበደኝ ፊርማ ያለበት ነው። ከአሁኑ ደብዝዟል፤ ቢታጠብ የሚጠፋ ይመስለኛል። ማሊያውስ?

መልስ (ጥልፍ የምትሠራ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ)

የኔ እናት፣ ፊርማውን በጥልፍ አድኚው። ሳታጥቢው በፊት አድርጊው፤ ቀለሙ ከሄደ የምትከተይው መስመር አይኖርም። መጀመሪያ ከጀርባው አቡጀዲ ደርቢበት። ከዚያ በአንድ ነጠላ የጥልፍ ክር የእስክሪብቶውን መስመር እየተከተልሽ፣ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለስሽ ውጊ። ስፌቱ ትንንሽ ይሁን፤ ፊርማ ብዙ ጥምዝ አለው፣ ስፌቱ ከረዘመ የሰውየው እጅ ጽሑፍ መሆኑ ይቀራል። ክሩን ስትስቢ አታክርሪው። ሁሉንም በአንድ ቀለም አትሥሪ፤ ሰማያዊው በሰማያዊ፣ ቀዩ በቀይ ይሁን። ቀለም እንዳይለቅ ክሩን አስቀድመሽ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽተሽ ሞክሪው።

ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ስማቸው ይቀራል። ለሙሽራ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጣል? እባክሽ ይሄን ቁራጭ መሃል ላይ አድርጊው፤ ዳር የሆነ ነገር ቶሎ ያልቃል።

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ ከአራዳ)

ማሊያው ፖሊስተር ነው፤ በጋለ ካውያ ይቀልጣል። እሱን በአቡጀዲው መንገድ ሥሪው፣ ካውያ ጨርሶ አይንካው። የጥምቀቶቹ ላይም ቢሆን ካውያ ህትመቱ ላይ በቀጥታ አታሳርፊ፤ ቀለሙ ተነስቶ ካውያው ላይ ይቀራል። በጀርባ በኩል ተኩሺ፣ ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ ደርቢ።

አንድ ሌላ ነገር። ከካርቶን መሃሉ 36 በ36 ክፍት የሆነ መስኮት ቁረጪ። ቲሸርቱ ላይ እያንቀሳቀስሽ ግንቡና ዓመተ ምሕረቱ መሃል ሲገባ በሳሙና ወይም በጠመኔ አስምሪና በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ጨምረሽ ቁረጪ። የታተመው ነገር ከዳር ቢያንስ 3 ሳ.ሜ. ይራቅ።

ጥያቄው ባለቤት

እሽ ጋሼ። ላዩን፣ ጋቢውንና ታቹን አንድ ላይ ደርቦ በሲንጀር እየሰፉ መጠቅጠቅ ግን አስፈራኝ።

መልስ (ከአዘዞ)

መጠቅጠቅ አያስፈልግሽም፤ ቋጥሪው። ታች ፖፕሊን፣ መሃል ጋቢ፣ ላይ ቲሸርቶቹ። መሬት ላይ ወጥረሽ አንጥፊና በመርፌ ቁልፍ ያዢው። ከዚያ በወፍራም ክር አራቱ ቁራጮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከላይ ወደ ታች ወግተሽ መልሰሽ አውጪና ሁለቴ ቋጥሪ። በየቁራጩ ውስጥም ህትመቱን የማይነካ ቦታ ፈልገሽ ቋጥሪ። ዳር ዳሩን ከፖፕሊኑ በተረፈ ጨርቅ ክፈፊው።

ለሙሽሮቹ ስትሰጪ ንገሪያቸው፦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ በረኪና አይግባበት፣ ገመድ ላይ በአንድ በኩል አይንጠልጠል። ውኃ ሲይዝ ይከብዳልና በራሱ ክብደት ይረዝማል። ንጹሕ ሰሌን ላይ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።