ወጣት የማይመጣበት የኦሪት ጥናት፦ ምን ላድርግ?

የነታንያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ባለች አንዲት የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚካሄደውን የኦሪት ጥናት እንዳስተባብር ተመርጫለሁ። «አንቺ ዕብራይስጡም አማርኛውም ይሆንልሻል» ብለው ነው የጫኑብኝ። እኔ ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

ችግሬ ይሄውላችሁ። የሚመጡት አረጋውያኑ ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሰዓቱ በፊት ደርሰው ቁጭ ይላሉ። ጎበዝ ወጣት ራቭ (የአይሁድ መምህር) አለን፣ ግን የሚያስተምረው በዕብራይስጥ ነው። ተርጓሚው ራሺ እንዲህ አለ፣ የሊቃውንቱ መጽሐፍ ታልሙድ እንዲህ አለ እያለ ይወርዳል። እነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲያልቅ «ተባረክ ልጄ» ብለው ይወጣሉ። ግማሹም እንዳልገባቸው አውቃለሁ፤ እማዬ አንዷ ናትና ቤት ስንገባ እኔን ነው የምታፋጥጠኝ።

ወጣቶቹ ደግሞ ሰፈሩን ሞልተውታል። ከሠራዊት የተመለሱ፣ ኮሌጅ የሚማሩ፣ ሥራ የያዙ። ለስግድ በዓል ሲሆን በአውቶቡስ ተጭነው ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ለጥናት ስጠራቸው «እሺ፣ እመጣለሁ» ይሉና ይቀራሉ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ደፍረው አይናገሩም። ግዕዝማ ጭራሽ።

አንዱ የኮሚቴ አባል በራሪ ወረቀት አሳትመን በየቤቱ እያንኳኳን እንስጥ ይላል። ሌላው ፒዛ እንግዛ ይላል። በሻባት፣ በሰንበት ቀን፣ ፒዛ ከየት እንደሚመጣ እሱ ይወቀው። እናንተ ጋ የሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ዮሲ ከቤርሼባ፦

ሰዓቱን እዪው። አሁን እዚህ ክረምት ነው፣ ቀኑ አጭር ስለሆነ ሻባት ቶሎ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ወጣት ይተኛል፤ አትፍረጂበት። እኛ ክረምት ላይ ዓርብ ማታ ከራት በኋላ እናደርገዋለን። ከፋሲካ በኋላ ቀኑ ሲረዝም ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እንመልሰዋለን። ያኔ በየጸሎት ቤቱ ፒርኬ አቮት፣ የአባቶች አጫጭር ምክር፣ የሚነበብበት ወቅት ስለሆነ አጭር ነገር ይገኛል።

ወለቃ፦

እህቴ፣ ፒዛውን እርሺው። ወረቀቱን ግን በፍጹም እንዳትሞክሪው። መጽሐፍ ይዞ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው ለሽማግሌዎቻችን ማን ነው? ሚስዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን ከለንደን ተልኮ ከመጣ ወዲህ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ እያደሉ ነበር ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና የሚስቡት። ሰውየው ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ መሆኑ ነገሩን ያመርረዋል። ወንድም ከወንድሙ የተለያየበት ጉዳይ ነው። ለቤተ እስራኤል የተሟገተው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሲወጣ አንዱ ያሳሰበው ይኸው ነበር። አንዲት እናት በሯን ከፍታ ፈገግታና ወረቀት ስታይ የሚመጣባትን አስቢው። ደግሞም እኛ የሌላ እምነት ሰው ስበን አናመጣም፤ የምንጠራው የራሳችንን ልጅ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ እየታወቀ ወረቀት ምን ያደርጋል? እናቱን ላኪበት።

ወጣቱን ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማ አትበዪው። ሲሰማ ነው ያደገው። ሥራ ስጪው። እኛ ረሖቮት ላይ በሐቭሩታ፣ በጥንድ ጥናት፣ አደረግነው። አንድ ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ጋር ይቀመጣል። ልጁ የሳምንቱን ፓራሻ (የኦሪት ክፍል) በዕብራይስጥ ያነባል፣ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛም ቢሆን ለሽማግሌው ይነግራል። ሽማግሌው ያርመዋል፣ አገር ቤት እንዴት ይደረግ እንደነበረ ያወራል። ይሄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ታልሙድ በራኾት ላይ ፓራሻውን ሁለት ጊዜ በመጀመሪያው ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ በትርጉም አንብቡ ይላል። የዚያን ጊዜ ትርጉሙ በአረማይክ ነበር።

ዋናው ነገር ጥያቄው ላይ ነው። «ይህ ክፍል ምን ያስተምረናል?» ካልሽ ሁሉም ዝም ይላል። የሚዳሰስ ነገር ጠይቂ። አሁን ቫያክሄል የሚባለው ፓራሻ እየደረሰ ነው አይደል? እዚያ ዘጸአት 35፥3 ላይ በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። አገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ሁሉ ይጠፋ ነበር። ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ቅዳሜ ቀዝቅዞ ይበላል። ልጁ ያደገው ግን ሻማ በሚበራበት፣ ሐሚን የሚባለው የሻባት ወጥ ፕላታ (የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ላይ እንደሞቀ በሚያድርበት ቤት ነው። «ሳባ (አያቴ)፣ በዚያ የደጋ ብርድ ያለ እሳት እንዴት ታድሩ ነበር?» ይላል። በቃ፣ ሞተሩ ተነሣ። ሊቃውንቱ የከለከሉት በሰንበት ማንደድን ነው፤ ዓርብ የተለኮሰው ግን ሊቆይ ይችላል ብለዋል። አባቶቻችን ጥቅሱን ከዚያ አጥብቀው ያዙት። ሁለቱ ይከራከሩ፣ ተያቸው። ከሠራዊት የወጣ አንድ ልጅ «አያቴ ዕብራይስጥ ስለማይችል የማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር» አለኝ። በሚቀጥለው ሻባት ጓደኛውን አስከትሎ መጣ።

ታዝሪያ የሚባለው ፓራሻ ሲደርስ ደግሞ እናቶችን ወደ ፊት አምጪያቸው። ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ ለወለደች 40 ቀን፣ ሴት ለወለደች 80 ቀን የሚለውን እነሱ በጎጆ ተለይተው ኖረውታል። ራቡ ከመጽሐፍ ነው የሚያውቀው፤ እነሱ ማን ምግብ እንደሚያመጣላቸው፣ ሳህኑ የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ይነግሩሻል። ልጃገረዶቹ ያን ቀን ከወንበራቸው አልተነሡም። አንዳንዷ «ግፍ ነው» አለች፣ አንዷ እናት ደግሞ «ዕረፍት ነበር ልጄ፣ የምን ግፍ» አለቻት። አስታራቂ መሆን አይጠበቅብሽም።

ዕቃው ቀላል ነው። ገጹን ከዓርብ በፊት በትልልቅ ፊደል አትሚው፤ ዕብራይስጡ በአንድ ወገን፣ አማርኛው በሌላ ወገን። ቄሳችሁ፣ የቤተ እስራኤሉ ካህን፣ ግዕዙን ከኦሪቱ በቃል ካሉት ደግሞ ይጨመር። በሻባት መጻፍም መቅዳትም ስለሌለ፣ ሻባት ሲወጣ ልጆቹ ለሽማግሌዎቹ ደውለው የሰሙትን በስልክ ይቅዱ። ይሄን ራሳቸው ናቸው ያመጡት፣ እኔ አላሰብኩትም።

አቭሬኹ፦

በትሕትና ልለይ። የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ራቭ የነበሩት ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲጽፉ፣ ወደ እስራኤል መጥተው በቶራ (በኦሪት) መንገድ እንዲማሩም አሳስበዋል። ለአንድ የሃያ ዓመት ልጅ «ይሄም ልክ ነው፣ ያም ልክ ነው» ከተባለ የሚመቸውን መርጦ ይሄዳል። ወይም ሁለቱንም ይተዋል። እሳቱን አጥፉ ወይስ ፕላታውን ተጠቀሙ? መጨረሻ ላይ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

ወለቃ፦

ወንድሜ፣ እንዲማሩ አሉ እንጂ ያላቸውን እንዲጥሉ አላሉም። ፍርድ ግን ሐቭሩታ ላይ አይሰጥም፣ በዚህ እስማማለሁ። እኛ ጋ ቄሱና ራቡ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። «እቤቴ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወደ እነሱ ይላካል። ሁለቱ የማይስማሙበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ እኔ ሻይ ላይ አተኩራለሁ። ፕላታውን ትቶ ቀዝቃዛ መብላት የጀመረ ልጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

አምቦበር፦

ልጄ የነታንያዋ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጎንደር አጠገብ አምቦበር ትምህርት ቤት የተማርኩ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ እስራኤል አገር ክፋር ባትያ የተባለ ትምህርት ቤት ተልከው ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። አሌፍ ቤትን፣ የዕብራይስጡን ፊደል፣ የቆጠርነው በእነሱ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ያን ጊዜም አይተናል። ሽማግሌዎቹ ግን ከቄሱ ጋር እያገናዘቡ ነበር የሚሰሙት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌዎችሽ ራሳቸውን የሚነቀንቁት ስለሚያፍሩ ነው። ዕብራይስጥ አልገባኝም ማለት ልጅ ፊት መዋረድ ይመስላቸዋል። የጥንቱ ሊቅ ሂሌል ዓይነ አፋር አይማርም፣ ቁጡም አያስተምርም ይላል። ራቡ መሃል ላይ እየቆመ «አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ቢል ነገሩ ይለወጣል። አገር ቤትም ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡና ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ያስረዱን ነበር። ግዕዙ የሚገባው ስንቱ ነበር? ማንም አላፈረም። በስግድ የሚነበበው ነህምያ 8ም እንደዚሁ ነው፤ ዕዝራ ከእንጨት መድረክ ላይ ሆኖ ያነባል፣ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዳሉ። ለራቡ ይህን ምዕራፍ አሳዪው፣ ቅር አይለውም።

የነታንያዋ፦

አባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ወለቃዬ፣ አንቺማ ገላገልሽኝ። ወረቀቱን ለኮሚቴው «አይሆንም» ብዬ ነገርኳቸው፤ የሚስዮኑን ሳነሣ አንድም ሰው አልተከራከረም። በቫያክሄል እንጀምራለን፣ ሰዓቱንም ወደ ዓርብ ማታ አዛውሬዋለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች አሉን። ለብቻቸው ጠረጴዛ ላድርግላቸው?

ወለቃ፦

ለብቻማ አይሆንም፣ እንግዳ ይሆናሉ። ትግርኛ የሚሰማ ወጣት ሰፈራችሁ አይጠፋም፣ አጣሪ። እስኪገኝ ድረስ ሁለቱንም የሚችል ሽማግሌ መሃላቸው ይቀመጥ። የሦስት ሰው ሐቭሩታም ሐቭሩታ ነው። ገጹን አማርኛ ብቻ አድርገሽ እንዳታትሚባቸው፤ እናቶቹ ባያነቡትም ትግርኛው መኖሩን ያያሉ።