የመንገዳችን ዳር በፌስታል ተሞላ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ምን ይሻላል?

ባለሱቋ (ድሬዳዋ)
ሰላም የድሬ ልጆች። ሱቄ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ አፍ ላይ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ከመንገዱ ጎን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የጫት ገራባው፣ ዳይፐሩ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ከጎረቤት ጋር ተባብረን ጠርገን ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ተመልሶ ሞላ። አንዱ በርሜል አስቀምጡ ይላል፣ ሌላው ማስታወቂያ ለጥፉ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሰብስባችሁ አቃጥሉት አሉን። ገንዘብ የለንም፣ ጉልበት ግን አለን። ከየት እንጀምር?

የደቻቱ ልጅ
ማቃጠሉን እርሺው። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፣ በድሬ ንፋስ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው እናንተው ቤት ነው። ወደ ወንዙ አሸዋ መግፋትም ያው ነው፣ ለታችኛው ሰፈር መላክ ነው። የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ቦይ ሲደፈን ዝም ብሎ አያይም። ያ ጎርፍ በቆሻሻ ምክንያት መጣ አልልም፣ ላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነው ያወረደው። ግን ትንሽ ዝናብም ቢሆን ቦዩ በፌስታል ከታፈነ ውሃው መንገዱን ትቶ ቤት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦዩን፣ ከዚያ መንገዱን።

የፅዳት ማህበር ሠራተኛ
እህቴ፣ ሰው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፣ የተጠረገውን ማን እንደሚያነሳው ግን አያስብም። ክምሩ መንገድ ዳር ካደረ ፍየል ይበትነዋል፣ ንፋስ ይጨርሰዋል። ቀበሌ ሄዳችሁ የአካባቢያችሁ የቆሻሻ ገንዳ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ ጠይቁ፣ ዘመቻችሁንም በዋዜማው አድርጉት። ገንዳው ሩቅ ከሆነ ቤት ለቤት የሚሰበስበውን ማህበር አናግሩ፤ በጋሪ ያደርሱላችኋል፣ ትንሽ ክፍያ ይኖረዋል።

አሠራሩ ላይ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሱ። ቦይ ውስጥ በእጅ አትግቡ፣ አካፋና ጓንት ይኑር፤ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ አይጠፋም። መርፌ ካገኛችሁ በእንጨት አንስታችሁ ክዳን ያለው ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ለጤና ጣቢያ ስጡ። ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ ያዙ። አንዱ ለሃይላንድና ለቆርቆሮ ነው፣ ቁራሌው ይገዛችኋል፣ በዚያች ብር ጓንት ይገዛል። ሌላው ለቀረው። እርጥብ ገራባ ከባድ ስለሆነ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲያነሱት ይተረተራል።

በርሜልን በተመለከተ፦ ማን እንደሚያራግፈው በስም ካልተወሰነ አታስቀምጡ። ሞልቶ የፈሰሰ በርሜል ሰውን “ቆሻሻ የሚጣለው እዚህ ነው” ብሎ ይጠራል። ከሱቅሽ በር ላይ ብታስቀምጪና ማታ ብታስገቢው ግን ይሠራል።

ሐረር ጀጎል
እኛ ጋ ጅብ ሌሊት መጥቶ አጥንቱን ያነሳልናል፣ ፌስታሉን ግን እሱም ናቀው። ማስታወቂያ ብዙ አይረዳም፣ በተለይ ስድብ የተጻፈበት። ሰው ይስቅበታል፣ ከሥሩም ይጥላል። ይልቅ ቦታውን ባለቤት ስጡት። ቡና የምታፈላ ሴት እዚያ ጥግ ብትቀመጥ በፊቷ ማንም አይጥልም። ጥቂት ድንጋይ ኖራ ቀብታችሁ ደርድሩ፣ ኒም ትከሉ። ኒም የድሬን ሙቀት ይችላል፣ ፍየልም ብዙ አይደፍረውም። እስኪጸድቅ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ባለባጃጅ
አቦ፣ ሰው ሁሉ የሚጥሉት ባለባጃጆች ናቸው ይላል፤ ሁሉን በእኛ አታላክኩ! ተሳፋሪው ነው በመስኮት የሚወረውረው። እኔ ከወንበሬ ጀርባ ከረጢት አንጠልጥያለሁ፣ ማታ አራግፋለሁ። ወላሂ፣ ከረጢቱን ያየ ሰው ራሱ ይጨምራል፣ መናገር እንኳ አያስፈልግም። ተራ አስከባሪውን አናግሩት፤ እሱ ካዘዘ ሾፌር ሁሉ ያንጠለጥላል፣ የሚራገፍበትን ቦታ ግን አሳዩን።

የጤና ባለሙያ
አሮጌ ጎማና የተቆረጠ ሃይላንድ ካያችሁ ከፌስታሉ በፊት እነሱን አንሱ። በ2011 ቺኩንጉንያ የተባለው የትኩሳት በሽታ ከተማውን ያስተኛው በቀን በሚናከስ ትንኝ ነው፣ ያ ትንኝ ደግሞ የሚራባው እንዲህ ባሉ ነገሮች ውስጥ በሚጠራቀም ጥቂት ውሃ ነው። እንቁላሉ ውሃው ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። ደረቅ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ጎማ ማንሳት ካልቻላችሁ ውሃ እንዳይዝ ብሱት ወይ በአፈር ሙሉት።

ባለሱቋ (ድሬዳዋ)
እግዜር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ይዤ ከሱቄ ሆኜ ስከታተል፣ ከባጃጅ የሚጣለው ትንሽ ነው። ትልቁ ችግር ጫት ከሚገባበት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሻጮቹ ቅጠሉን መርጠው እንጨቱን እዚያው ይተዉታል፣ ገዢውም የመጣበትን ፌስታል ቀይሮ አሮጌውን ይጥላል። ሻጮቹ ሴቶች ጎረቤቶቼ ናቸው፣ መጣላት አልፈልግም። ፌስታል በሕግ ተከልክሏል ሲባልም ሰምቻለሁ፣ ያንን ልንገራቸው?

የደቻቱ ልጅ
ሕጉ አለ። በ1999 የወጣው አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። ግን በየቀኑ ፊት ለፊትሽ ለምትቀመጥ ሴት ሕግ አትጥቀሺ። በአንድ ቀን ጠላት ታፈሪያለሽ።

የፅዳት ማህበር ሠራተኛ
ልክ ብሏል። ገራባ ለፍየል መኖ ነው፣ ፍየል ያለው ጎረቤት ካለ ማታ ማታ እየመጣ ቢወስድ ደስ ይለዋል፤ ፌስታሉ ግን ተለይቶ ይውጣ፣ ፍየሏ ከዋጠችው ሆዷን ይዘጋታል። ለሻጮቹ አንድ አንድ ማዳበሪያ ስጪ፣ ሲነሱ ሞልተው አንቺ ጋ ያስቀምጡ። አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ ይከተላሉ። ቀበሌው የገንዳውን ቀን ሲነግርሽ ለእነሱም ንገሪያቸው።