የሜፕል ችግኞቼ ቅጠል እየተቃጠለ ነው፣ ዛሬውኑ ምን ላድርግ? (ላስ ቬጋስ)

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ከሥራ ገብቼ በረንዳ ብወጣ የስድስቱም የሜፕል ችግኞቼ ቅጠል ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ይንኮሻኮሻል። ከትናንት ወዲያ ደህና ነበሩ። ቦንሳይ ላደርጋቸው ነው የገዛኋቸው (ዛፍን በትንሽ ዕቃ ውስጥ እየገሩ አሳጥሮ ማሳደግ ማለት ነው)፣ በፖስታ ነው የመጡት። ውሃ በደንብ አጠጣለሁ። ትናንት ማዳበሪያም ጨመርኩላቸው። ዛሬ 113 ፋራናይት ይገባል ተብሏል፣ በሴልሺየስ 45 መሆኑ ነው። ልተኛ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

ዱባይ ሰገነት፦
ወንድሜ፣ ቤት አስገባቸውና ኤሲ ሥር አስቀምጣቸው። አለቀ።

የሌሊት ፈረቃ፦
እህት ነኝ። ኤሲ ሥር ይሻላል? አሁን ላስገባቸው?

የአትላንታ አትክልተኛ፦
ኤሲ ሥር አታስገቢ! ሜፕል ከቤት ውጭ የሚኖር ዛፍ ነው። የኤሲ ንፋስ ያደርቀዋል፣ የቤት ውስጥ ብርሃንም አይበቃውም። አሁኑኑ ፀሐይ ወደማያገኘው የቤቱ ጎን ውሰጃቸው፣ ግን ውጭ ይሁኑ። ከዚያ ይህን መልሺልኝ። በረንዳው ወደየት ነው የሚያየው? የተተከሉበት ዕቃ ምን ዓይነት ነው? ምን ላይ ነው የተቀመጡት? ውሃ የምታጠጪው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እነዚህን ሳላውቅ የምለው ሁሉ ግምት ነው።

የዲሲው ሽማግሌ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ቦንሳይ ምን እንደሆነ እንወቅ። ቃሉ የጃፓን ነው፣ «በትሪ ላይ የተተከለ» እንደማለት ነው። ጥበቡ ግን ከቻይና ነው የመጣው፣ እነሱ ፔንጂንግ ይሉታል። እዚህ ዋሽንግተን ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከሉ ግቢ ውስጥ የቦንሳይ ሙዚየም አለ። እዚያ አንድ ነጭ ጥድ አለ። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲገራ የኖረ ዛፍ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል ዛፉ ከዚያው ከተማ ነበር፣ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቤተሰቡ ግቢ አጥር ሥር። ተረፈ። በ1976 ባለቤቱ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት። እኔ በየዓመቱ ሄጄ አየዋለሁ። ፊቱ ስቆም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ቤተክርስቲያን የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ልጄ፣ ይህ ሥራ በሳምንት የሚታይ አይደለም። አባት ይጀምረዋል፣ ልጅ ይቀጥለዋል።

የቬጋስ ጎረቤት፦
አባባ፣ ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን የልጅቷ ችግኝ እየነደደ ነው፣ መጀመሪያ እሳቱን እናጥፋ 😀

ቅጠል በጥሼ፦
ፈንገስ ነው። ሜፕልን የሚያደርቅ ፈንገስ አለ፣ መድኃኒት የለውም። ጥለሽ ሌላ ግዢ።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
አይ፣ አትጣዪ። ያ ፈንገስ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ነው የሚይዘው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ እንጨቱ ውስጥ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ስድስት ችግኝ በሁለት ቀን፣ ያውም ሁሉም ከቅጠሉ ዳር ጀምሮ ከደረቀ ሙቀት፣ ውሃ ወይም ጨው ነው። አንዳንዴ ሦስቱም ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ወደ ጥላ አዞርኳቸው። መልሴ፦ በረንዳው ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ዕቃው የመጡበት ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን ግን ባለፈው ሳምንት ወደ ቦንሳይ ሳህን አዛውሬያቸዋለሁ፣ ሥራቸውንም ትንሽ ቆረጥኩ፣ ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ። ሲሚንቶው ላይ ነው ያሉት። ውሃ በ11 ሰዓት አጠጣለሁ፣ አንድ ሰው «11 ሰዓት ላይ አጠጪ» ብሎ መክሮኝ።

የቬጋስ ጎረቤት፦
በፈረንጅ 11 ነው በሀበሻ?

የሌሊት ፈረቃ፦
በፈረንጅ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ። ለምን?

የቬጋስ ጎረቤት፦
ወይኔ እህቴ፣ የመከረሽ ሰው ከሌሊቱ 11 ማለቱ ነው! ጎህ ሲቀድ። በፈረንጅ 5 ሰዓት። በዚያ ላይ በፈረንጅ 11 ላይ ቱቦውን ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ፀሐይ ላይ ሲቀቀል ያረፈደ ነው። እኔ እጄን አቃጥሎኝ ያውቃል። ሁልጊዜ ቱቦውን መጀመሪያ መሬት ላይ ልቀቂው፣ በእጅሽ ንኪው፣ ሲቀዘቅዝ ነው ወደ ተክል የምትወስጂው።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ቅጠሉን ለጊዜው ተዪው። የተቀቀለው ሥሩ ነው። ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ የምዕራብ ፀሐይ ሲመታው አፈሩ ከአየሩ በላይ ይግላል፣ 50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሥር ደግሞ 38 አካባቢ ሲደርስ ሥራ ያቆማል፣ ከዚያ በላይ ይሞታል። ሲሚንቶው ከታች ይጋግራል፣ ማታም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሥር ውሃ መሳብ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚደርቀው የቅጠሉ ዳር ነው፣ ውሃው መጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ነውና።

ዛሬ የምታደርጊው ይህን ነው። ከሲሚንቶው አንሺያቸው፣ እንጨት ላይ ወይም ጡብ ላይ አድርጊ። ትልቅ የሸክላ ዕቃ ካለሽ ችግኙን ከነፕላስቲኩ እሱ ውስጥ ክተቺና ዙሪያውን በእርጥብ አሸዋ ሙዪው። የእናቶቻችን እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው አይደል? ሸክላውም እንደዚያው ያልበውና ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ የእናንተ አገር አየር ደረቅ ስለሆነ ደግሞ በደንብ ይሠራል። ቦታው በስተምሥራቅ ይሁን፣ የማለዳ ፀሐይ ብቻ ያግኝ፣ ከዚያ ጥላ። 50 በመቶ የሚከልል የጥላ መረብ ካገኘሽ ከላይ ወጥሪ።

ማዳበሪያ አቁሚ። የተጎዳ ሥር ላይ ማዳበሪያ ቁስል ላይ ጨው ነው። የደረቀውን ቅጠል አትቁረጪ፣ ቢያንስ ጥላ ይሆነዋል። ሁለቱን ከሳህኑ አታውጪያቸው፣ እንደገና አትንኪያቸው፣ ሳህኑን እንዳለ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጪው። የሜፕል ሥር የሚቆረጠው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው፣ እንቡጡ አብጦ ሳይከፈት፣ እናንተ ጋ ፌብሯሪ ገደማ። ጁላይ ላይ አይነካም።

ዱባይ ሰገነት፦
እኔ አሁንም ኤሲ ሥር ነው የምለው። እዚህ ጁላይ ላይ ሰውም ውጭ አይቆምም።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
ወንድሜ፣ አንተ ጋ ያለው ፋይከስ የሚባለው የሙቅ አገር ዛፍ ከሆነ ልክ ነህ፣ ቤት ውስጥ ይኖራል። ሜፕል ግን ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ በብርድ መተኛት አለበት። ብርድ የማያገኝ ሜፕል ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይደክማል።

ዱባይ ሰገነት፦
እሱስ እውነትህን ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም በሁለተኛው ዓመት ሞቱብኝ። አሁን ያለኝ ፋይከስ ነው።

የቬጋስ ጎረቤት፦
ስለ ውሃው እኔ ልጨምር፣ እዚህ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። የቧንቧችን ውሃ በአብዛኛው ከሌክ ሚድ ሐይቅ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው የሚመጣው፣ ማዕድኑ ከባድ ነው። የሻወርሽ መስታወት ላይ የሚቀረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ፣ በኮምጣጤ ካልሆነ አይለቅም። እሱው ነው አፈርሽ ውስጥ የሚጠራቀመው። የዕቃውን ከንፈር እዪው፣ ነጭ ቅርፊት ይዟል? ትንሽ ትንሽ እየረጩ ማጠጣት ነገሩን ያባብሰዋል፣ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። በደንብ አጠጪ፣ ከሥር ቀዳዳው እስኪፈስ፣ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው። እኔ የተጣራ ውሃ ከመሙያ ማሽኑ በጋሎን እገዛለሁ፣ ብዙም አያስወጣም።

ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። በ2024፣ ጁላይ 7፣ ይህ ከተማ 120 ፋራናይት ገብቷል፣ 49 ሴልሺየስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያን ሰሞን የኔ ሮማን እንኳ ቅጠሉን ጠቅልሎ ነበር፣ ሮማን!

የወይራ ልጅ (አዲስ አበባ)፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ከመነሻው አልስማማም። ለምን ሜፕል? በረሃ ላይ የብርድ አገር ዛፍ ማሳደግ ዛፉንም ራስንም ማሰቃየት ነው። የኛ ወይራ አለ። ቅጠሉ ትንሽ፣ ግንዱ ጠምዛዛ፣ ፀሐይ የማይፈራ። ደቡብ አፍሪካዎች በዚሁ በዱር ወይራ ነው የሚያማምሩ ቦንሳዮች የሚሠሩት። እኔ ሰገነቴ ላይ አራት አሉኝ። እዚያም የወይራ ችግኝ አይጠፋም። ወይራ አሳድጊ!

የሌሊት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ወይራም እተክላለሁ። ግን ሜፕሉን የፈለግኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ ያረፍኩት ሚኒሶታ ነበር። መኸር ላይ መንገዱ ሁሉ ቀይ ሆኖ ሳይ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እዚህ ቀይ ቅጠል የለም። አንድ ዕቃ ውስጥ እንኳ ልየው ብዬ ነው።

የወይራ ልጅ፦
እንደዚያ ከሆነ ተውኩት። አሳድጊው።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ቁጠሪልኝ። ያልደረቀ ቅጠል ካለ ጣቶቹ ስንት ናቸው? አምስት፣ ሰባት ወይስ ሦስት?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሦስት። እንደ ዳክዬ እግር። ሻጩ «የጃፓን ሜፕል» ብሎ ነበር የሸጠልኝ።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
ሦስት ከሆነ ትራይደንት ሜፕል ይመስለኛል፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የጃፓኑ አምስት ወይም ሰባት ጣት ነው ያለው፣ እናንተ ጋ በጣም ይቸግር ነበር። ትራይደንት ትውልዱ ቻይና ነው፣ ሙቀት የተሻለ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል። ቦንሳይ ሠሪዎች ሥሩ ድንጋይ አቅፎ እንዲያድግ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እሱን ነው። መኸር ላይም ብርቱካናማና ቀይ ይሆናል። የምትፈልጊውን ይሰጥሻል።

ሌላ ነገር ልንገርሽ። ግንዱ አሁን ምን ያህል ነው?

የሌሊት ፈረቃ፦
የክብሪት እንጨት።

የአትላንታ አትክልተኛ፦
እሱ ገና ቦንሳይ አይደለም፣ ሕፃን ነው። ጥልቀት የሌለው ሳህን ለሕፃን አይሆንም፣ አፈሩ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል። ከተረፉ ለሦስት፣ ለአራት ዓመት ትልቅ ዕቃ ውስጥ እንደልባቸው ይደጉ። ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ አፈር ይሁን፣ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት። ቅርንጫፉ ሲረዝም አትሳሺ፣ ግንዱን የሚያወፍረው እሱ ነው። ግንዱ አውራ ጣትሽን ሲያክል ያኔ ስለ ሳህን እናወራለን።

አሁን ጥፍርሽን አምጪ። ግንዱን ዝቅ ብለሽ በጣም በትንሹ ፋቂው፣ የሩዝ ፍሬ ያህል። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብለሽ ሌላ ቦታ ሞክሪ።

የሌሊት ፈረቃ፦
እጄ እየተንቀጠቀጠ ፋቅኳቸው። ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው! አንዱ ከላይ ቡናማ፣ ከታች አፈሩ አጠገብ አረንጓዴ። ሳህን ላይ ያሉት ሁለቱ እስከ ታች ደረቅ ናቸው። የዕቃዎቹ ከንፈር ላይ ነጩ ነገርም አለ፣ እኔ የማዳበሪያ ፍርፋሪ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ አሸዋ ሊገዛ ወጥቷል። እኔ ሦስት ሰዓት ልተኛና ተመልሼ ፎቶ እለጥፋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

የወይራ ልጅ፦
እግረ መንገዴን፦ የሜፕል ዘር ቢመጣልኝ አዲስ አበባ ላይ ይበቅላል?

የአትላንታ አትክልተኛ፦
መብቀሉን ይበቅላል። ዘሩን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ በእርጥብ አሸዋ ፍሪጅ ውስጥ ከ90 እስከ 120 ቀን ታቆየዋለህ፣ ክረምት ያለፈበት ይመስለዋል። ችግሩ ከበቀለ በኋላ ነው። የናንተ ሌሊት ይቀዘቅዛል እንጂ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለወጥም፣ ዛፉ መቼ እንደሚተኛ ይጠፋዋል። አንተ ወይራህን ያዝ።

የዲሲው ሽማግሌ፦
ልጄ፣ ፎቶውን እየጠበቅሁ ነው።

የቬጋስ ጎረቤት፦
ሁለት ሳምንት ሞላ እኮ። እህቴ፣ ያቺ ከአፈሩ አጠገብ አረንጓዴ የነበረችው እንቡጥ አወጣች? ትርፍ የሸክላ ዕቃና ሁለት ጋሎን የተጣራ ውሃ አለኝ፣ ቅርብ ከሆንሽ አመጣልሻለሁ።